የግራጫዋ ሞተርና የማይነሳው ስልክ

ጥር 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለትርፌ፤

ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህንና ሥራህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ከባዕድ አገር ብርድም፣ ከባዕድ አገር ክፉ ሰውም ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ጥርሴ አንድም አልወለቀ፣ ምላሴን እንደሆነ አሳምረህ ታውቀዋለህ።

ደህና ያልሆነችው መኪናዬ ግራጫዋ ናት። ባለፈው ሐሙስ የጤና ጣቢያውን ነርስና የክትባት ሳጥኗን ጭኜ ከላይኞቹ መንደሮች ስወርድ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳለሁ የፍሪሲዮኑ ፔዳል እግሬ ስር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ መሪው እጄን አደነዘዘው። ቀጥሎ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ምንም። ወርጄ ኮፈኑን ብከፍት የሞተሩ ጎን ተበስቶ የተሰበረ የፒስተን ክንድ በቀዳዳው አጮልቆ ያየኛል። ነርሷ ፊት ለፊቴ ቆማ «ይጠገናል?» አለችኝ። «ይቀበራል» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ መልካም ሰው ነው፤ ግን መልካም ሰው መኪና አይሆንም። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ የላይኞቹ መንደሮች ሕፃናት ሁሉ መከተብ አለባቸው። «እስከ ግንቦት አጋማሽ ግራጫዋ ካልተነሳች መስመሩን ለባለ ነጯ እሰጣለሁ» ብሎኛል። ባለ ነጯን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ነጭ መኪናው አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ሆዷ ግን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አሥራ ስድስት ዓመት የነዳሁበትን መንገድ ለእሱ አስረክቤ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስለጥፍ ልዋል? አላደርገውም።

ስለዚህ ሞተር እፈልጋለሁ። ያው የድሮው ዓይነት፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካው። ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ አሽቼ ቀድቼዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አለልህ። የቀረውን እኔ እዚሁ እጨርሰዋለሁ። ካምቢዮው ጤነኛ ነው፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቹ ጤነኞች ናቸው፣ እኔም ጤነኛ ነኝ።

ስልክ አትደውልልኝ፤ የጋራዡ መስመር ተበላሽቷል። ጻፍልኝ።

እጇን ሳትታጠብ የጻፈችልህ አክስትህ


ጥር 28

ለአክስቴም ለአለቃዬም፤

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታው ላይ የአውራ ጣትሽ የዘይት አሻራ ነበረበት፤ ከማን እንደመጣ ለማወቅ ስም ማንበብ አላስፈለገኝም።

«ለትርፌ» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ የሥራ ጓደኞቼ የስሜን ትርጉም ሲጠይቁኝ ወሬ እለውጣለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን የገጠምኩት ካምቢዮ አልቆ አንድ ዳዶ እጄ ላይ ስለተረፈ የወጣልኝ ስም ነው ብዬ ለማን እነግራለሁ? ቦታውን እስካገኝለት ድረስ ምሳ የከለከልሽኝን አልረሳሁትም።

አሁን ግን ተረጋጊ፤ ሞተርሽ ተገኝቷል። የምሠራበት የአሮጌ መኪኖች ማፍረሻ ግቢ ባለቤት ለእያንዳንዳችን በዓመት ከሚፈርስ መኪና አንድ ሞተር ውሰዱ ይለናል፤ የዘንድሮዬ ይኼ ነው። ቁጥሩን ከላክሽው ወረቀት ጋር አስተያየሁት፣ የመጨረሻው ፊደል ድረስ አንድ ነው። ሳይነቀል በፊት አስነስቼ ካቻቢቴውን ብሎኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንቺ እንዳስተማርሽኝ አራቱንም ሲሊንደር አንድ በአንድ አዳመጥኩ። «ሞተር በዓይን አይታይም፣ በጆሮ ነው» ትይ የለ? የሚያምር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመረጥኩልሽ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የድሮው ሊሰበር ሲል ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? ኳ ኳ ይል ነበር ወይስ ያፏጭ ነበር? የሚያፏጭ ከነበረ ጣጣው ካምቢዮው ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ኩሽኔታ አብሬ እልክልሻለሁ።

ስልኩን ደግሞ ለመሞከር ያህል ደወልኩ። መስመሩ ደህና ነው አክስቴ፣ ጥርት ብሎ ይጠራል። የሚያነሳ ሰው ነው የጠፋው። በሁለት ደቂቃ የምንጨርሰውን ወሬ ለምን በሁለት ወር እንጫወተዋለን?

ዳዶ የማያስተርፈው ልጅሽ


የካቲት 22

ለትርፌ፤

እድሜህ ይርዘም፣ እጅህ አይዛል፣ የጨበጥከው ብረት ሁሉ ይታዘዝህ። ደብዳቤህን ለነርሷ አነበብኩላት፤ «ይኼ ልጅ ሞተር ነው ወይስ ሚስት የመረጠው?» አለች። ሁለቱንም ዓይኑን ጨፍኖ እንዳይመርጥ ንገሪው ብላኛለች።

ምን ድምፅ ነበረው ብለህ ጠየቅከኝ። ሲሰበር ምን ድምፅ ይኖረዋል? የመሰበር ድምፅ ነዋ! ለካምቢዮው አታስብ። አፍስሼዋለሁ፤ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጣርቼ ማግኔት አሳለፍኩበት፣ የብረት ብናኝ የሚባል የለውም። ዘንጉን በሁለት ጣቴ አሽከረከርኩት፤ እንደ ቅቤ ይዞራል። ኩሽኔታ አልፈልግም።

የቤቴን ሕግ ታውቃለህ፤ አዲስ ሳይገባ አሮጌው ይወጣል። አሮጌ ነገር ጥግ ይዞ ከተቀመጠ አዲሱን ሰነፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አናጢው የጣሪያውን ወራጅ አጠንክሮልኝ፣ ሰንሰለት ሰቅዬ የሞተውን ሞተር አወጣሁትና አከፋፈልኩት። ብሎኩን ብረት ቀጥቃጩ ብረት ለሚቀጠቅጥበት መስፍ መቆሚያ ወሰደው። ከሞተሩ ሆድ ስር የምትታሰረዋን የዘይት ቋት አናጢው ተመኛትና ሰጠሁት። የእንስሳት ውሃ መጠጫ አደረጋት። በጥልቁ በኩል ፍየሏ፣ በስሱ በኩል ዶሮዎቹ ይጠጣሉ፤ ማፍሰሻ ቡሎን ስላላት ለማጠብም ትመቻለች። እንዲህ ያለ የሠለጠነ ገንዳ በአካባቢው የለም እያለ ይኮራባታል።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የፍሪሲዮኑን ሸራ ለውጫለሁ፣ ራዲያተሩን አጥቤያለሁ፣ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በየሳምንቱ እየመጣ ባዶውን የሞተር ቤት አጎንብሶ ያያል፤ የጉድጓድ ውሃ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ባለ ነጯም አንድ ቀን አብሮት መጥቶ «እናቴ፣ ከዚህ በኋላ እንኳ ማረፍ ነው የሚሻልዎት» አለኝ። እናቱ እንዳልሆንኩ ነገርኩት። ሌላም ነገርኩት፤ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ስልክን በተመለከተ፣ ስልክ ላይ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል። ደብዳቤ ግን ከመኪናዋ ሊብሬ ጋር ይቀመጣል። ደግሞም ሥራ ላይ ስልክ አይነሳም ብዬ ሕግ አውጥቻለሁ።

ሞተሩን ቶሎ ጫነው።

አክስትህ


መጋቢት 14

ለአክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። አጭር የምጽፈው ሥራ ስለበዛብኝ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። ሞተሩ ትናንት ተጫነ። በእንጨት ሣጥን አሽጌ፣ በአራት ማዕዘን አስሬ፣ ከላይ «ተገልብጦ አይቀመጥ» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌበታለሁ። የናፍጣ ፖምፓው፣ ማስነሻው ሞተሪኖና የዘይት ቋቱ ላዩ ላይ ናቸው። ሰክቶ ማስነሳት ብቻ ነው የቀረሽ፤ ቡሎን እንኳ መፈለግ የለብሽም።

ስለ ድምፁ ስጠይቅሽ ቀለድሽብኝ። ይሁን። እንደደረሰ ግን አስነሺውና ድምፁን ጻፊልኝ። ምን እንደሚል ከአንቺ አፍ ካልሰማሁ ስለላክሁት ሞተር ልቤ አያርፍም።

ልጅሽ


ሚያዝያ 15

አንተ ትርፌ፤

ሰላምታውን ቆይቼ እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ጥያቄዬን መልስ፤ ይኼን ሞተር ከምን መኪና ነው የነቀልከው?

ሣጥኑ ባለፈው ሐሙስ ደረሰ። ለአስተሻሸግህ እጅህን ይባርከው፣ አንድ ጭረት የለበትም። በሰንሰለቱ ሰቅለን ቀስ አድርገን አወረድነው። አናጢው ሰንሰለቱን፣ ነርሷ ከፊት፣ እኔ ከታች። ከካምቢዮው ጋር በመጀመሪያው ሙከራ ገጠመ፤ ዘንጉ ቦታውን ሲይዝ በመዳፌ ታወቀኝ። እልል ልል ስል ሞተሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። አልወርድም አለ። ገባሁና ባይ የዘይት ቋቱ የፊት ዲፈረንሻሉ ላይ ቂጢጥ ብሏል።

የፊት ጎማዋ በሞተር የማይነዳ መኪና ሞተር ነው የላክህልኝ! የዕቃ ማመላለሻ፣ የከተማ አስፋልት የለመደ። ብሎኩ አንድ ነው፣ ቁጥሩም አንድ ነው፣ ሆዱ ግን ሌላ ነው። የእሱ ቋት ከፊት እስከ ኋላ ወጥ ነው፤ የእኛይቱ ከፊት ሰስታ ለዲፈረንሻሉ ቦታ ትለቅና ከኋላ ትጠልቃለች። ዓይኔን ጨፍኜ መረጥኩ ያልከው እውነትህን ኖሯል።

የእኛይቱ የት እንዳለች ታስታውሳለህ መቼስ። ከፍየል ጋር መደራደር ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አናጢው «ለአንቺ ነፍሴንም እሰጣለሁ፤ ፍየሏን ግን አንቺው ጠይቂያት» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። አዲስ የሸክላ ገንዳ ገዝቼ ባመጣላት አሸተተችው፣ አየችኝ፣ በግንባሯ ገፍታ ሰበረችው። በመጨረሻ ያንተን ወጥ ቋት ሰጠኋት። ወደደችው። የከተማ ዕቃ ስለሆነ ይሆናል።

እኔም የእኛይቱን አጥቤ፣ ዝገቷን ፍቄ፣ ከንፈሯን በመዶሻ አቅንቼ፣ ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን አዲስ ቆርጬ አሰርኳት። ቁጭ አለች። ሞተሩም ቦታው ገባ። አሁን የቀረኝ የናፍጣ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የውሃ ቧንቧ ነው። ሚያዝያ 30፣ ቅዳሜ ጠዋት አስነሳዋለሁ። ኃላፊውም፣ ባለ ነጯም ይመጣሉ። የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ ይመጣል። አይተው ይሂዱ!

አሁን ሰላምታህን ውሰድ። ተሳስተሃል፤ ግን ሞተሩ መልካም ነው። መዳፌን የሞተሩ አናት፣ ቴስታው ላይ አድርጌ በእጅ ሳዞረው መጭመቂያው ከአራቱም እኩል ይገፋኛል። ለዚህ ተመረቅ።

አክስትህ


ሚያዝያ 30፣ ቅዳሜ

አክስቴ፤

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ። ዛሬ። እኔ ሳነበው አንቺ ቁልፉን ልታዞሪ ነው።

አክስቴ፣ የዘይት መምጠጫው ቱቦ! ከቋቱ ውስጥ ዘይቱን እየሳበ ለሞተሩ የሚያጠጣው። እኔ የላክሁት ሞተር ቱቦው አጭር ነው፤ መሃል ላይ ነው የሚቆመው፣ ለወጥ ቋት የተሠራ ስለሆነ። አንቺ ያሰርሽው ቋት ዘይቱን የሚሰበስበው ከኋላ፣ ከጥልቁ በኩል ነው። ቋቱን ለውጠሽ ቱቦውን ካልለወጥሽ የሚስበው አየር ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ አይቆይም፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይነክሳል። ስለ ቱቦው ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቃል የለም።

ጋራዡ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። በኦፕሬተር የጤና ጣቢያውን ቁጥር አግኝቼ ደወልኩ። ጥበቃው አነሳ። «ሁሉም የግራጫዋ ሞተር ሲነሳ ለማየት ሄደዋል» አለኝ። ሮጠህ ንገራት፣ የሕይወት ጉዳይ ነው አልኩት። «ጌታዬ፣ እኔ በር ጥዬ አልሄድም» አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ጭራሽ ስሜን መዝገብ ላይ ልጻፍ አለ። ከዚያ ሌላ የማደርገው ነገር ስላልነበረኝ ቁጭ ብዬ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው።

ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቃለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቁጥሩን አየሁ፣ ድምፁን ሰማሁ፣ ሆዱን ግን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ሞተሩ ከተበላሸ የሚመጣውን ዓመት ድርሻዬን እልካለሁ፤ ግን የሚመጣው ዓመት ለዚህ ክረምት አይደርስም። ይኼ ያቃጥለኛል።

ሌላም ነገር አየሁ። መጀመሪያ መስመሩ ተበላሽቷል አልሽኝ። ቀጥሎ ነፋስ ይወስደዋል አልሽኝ። ቀጥሎ ሕግ አውጥቻለሁ አልሽኝ። አንቺ ለአንድ ነገር ሦስት ምክንያት የምትሰጪ ሰው አይደለሽም። ደግሞ ፔዳሉ ተንቀጠቀጠ፣ መሪው አደነዘዘኝ፣ በጣቴ አሽከረከርኩ፣ በመዳፌ ታወቀኝ። ሞተር በጆሮ ነው ብላ ያሳደገችኝ ሴት አራት ወር ሙሉ ስለ ሞተር ስትጽፍልኝ አንድም ድምፅ የለበትም። ስጠይቅሽ ትቀልጃለሽ።

አክስቴ፣ ትሰሚያለሽ ወይ?

ትርፌ


ግንቦት 17

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከወትሮው ይበልጥ ይድረስህ፤ ዛሬ የምሩን ነው። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ በአንድ እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ እንድትተነፍስ፦ ግራጫዋ ትሠራለች።

ያን ቅዳሜ ጋራዡ ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ወንበር ይዟል፣ ባለ ነጯ ክንዱን አጣምሮ በሩ ላይ ተደግፏል፣ አናጢው ፍየሏን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። አዲስ ሞተር እንዴት እንደማስነሳ ታውቃለህ። የናፍጣ ማጥፊያውን ገመድ ስቤ ይዤ፣ እሳት ሳይነካው በሞተሪኖ ብቻ አዞረዋለሁ፤ የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ከዜሮ ሳይነሳ ናፍጣ አይቀምስም። አዞርኩ። መርፌው ዝም። ባትሪውን አሳርፌ ደግሜ አዞርኩ። ዝም። ባለ ነጯ «ሞተሩ እኮ ጥሩ እየዞረ ነው፣ ይሰማል፣ ይልቀቁት እንጂ!» ብሎ ነበር አሉ፤ ሰው ሁሉም «አስነሺው! አስነሺው!» ይል ነበር አሉ። እኔ ዓይኔን ከመርፌው ላይ አልነቀልኩም። ከመኪናው ወረድኩና «ማክሰኞ ኑ» አልኳቸው።

ትርፌ፣ ልብ በል። ጆሮ ቢኖረኝ ኖሮ ድምፁ ያታልለኝ ነበር፣ የሰውም ጩኸት ይገፋፋኝ ነበር። አስነሳው ነበር። ሞተርህን ያዳነው አለመስማቴ ነው።

እንግዲህ ጥያቄህ ተመለሰ። አልሰማም። ከተጀመረ ሦስት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ። ፊት ለፊት ከሆነ ከንፈር አነባለሁ፤ ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ አይፈልግም። ለዚህ ነው ጻፍልኝ ያልኩህ። ለምን ደበቅሽኝ ብትል፣ ፈርቼ ነው። ብነግርህ ሞተሩን አትልክም ብዬ ፈራሁ። ኃላፊው ቢያውቅ መንገዴን ይወስዳል ብዬ ፈራሁ። መካኒኳ ደንቆሮ ናት ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣልኛል ብዬ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያኔ እሰማ ነበር እንግዲህ።

ቋቱን ፈታሁት። ቱቦህ ከዘይቱ በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ትክክለኛው የድሮው ብሎክ ላይ እንደታሰረ ብረት ቀጥቃጩ ግቢ ነበር፤ መስፉን አንስተን፣ ብሎኩን ለአራት ገልብጠን ፈታሁት። ማክሰኞ ሁሉም ተመለሱ። ገመዱን ስቤ አዞርኩ፤ እስከ ሰባት ቆጠርኩ፣ መርፌው ተነሳ። ገመዱን ለቀቅሁ። ወንበሩ ስር መሬቱ ሲነቃ በእግሬ ታወቀኝ። ወረድኩ፣ ካቻቢቴውን ብሎኩ ላይ ተከልኩ፣ እጀታውን በጥርሴ ነከስኩ።

ይኼን ማንም አያውቅብኝም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እጄ ሞልቶ ካቻቢቴ በአፌ ይዤ ጫፉ የሚሠራ ሞተር ሲነካ ድንገት ሰማሁ። በጆሮዬ አይደለም፣ በራስ ቅሌ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳያየኝ በጥርሴ ነው የማዳምጠው። ማክሰኞ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ አደረግሁት። አራቱን ተራ በተራ ሰማኋቸው። አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁለተኛው፤ ንጹሕ፣ እኩል፣ አንዱ አንዱን ሳይቀድም። ድምፁን ጻፊልኝ ብለህ ነበር፣ ይኸው። እንባዬ ወርዶ እጀታውን አረጠበው፤ አላፈርኩም።

ነርሷ ትከሻዬን ነካችና ወደ ራሷ አዞረችኝ። ከንፈሯን ቀስ አድርጋ «በጥርስሽ ትሰሚያለሽ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው የውስጡ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሞተሩ አልተነካም፤ የተዘጋው መንገዱ ነው። ሐኪም ያየዋል» አለችኝ። አለመስማቴን መቼ አወቅሽ ብላት ሳቀች። ከሁለት ዓመት በፊት! ለካ ለዚህ ነው ስትናገር ሁልጊዜ ፊቴ የምትቆመው። ለካ ለዚህ ነው ከጎኔ ተቀምጣ መኪና ከኋላ ሲመጣ በእጇ የምታሳየኝ። ያን ቅዳሜ ያንተ ስልክ አሥራ አንድ ጊዜ ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር «አለቃዋ ሥራ ላይ ስልክ አይነሳም ብላለች» ብላ የሸፈነችልኝ እሷ ናት። በገዛ ሕጌ ሞተሬን ላቃጥል ነበር። አናጢውም ያውቃል። ብረት ቀጥቃጩም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የኔውማ ጭራሽ አገር ለቅቆ ሄዷል።

ኃላፊውን እኔው ሄጄ ነገርኩት። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና «አሥራ ስድስት ዓመት ሳትጋጪ የነዳሽው በጆሮሽ ነው ወይስ በዓይንሽ?» አለኝ። በዓይኔ ነው አልኩት። በማግስቱ አብሮኝ እስከ ላይኛው መንደር ወጣ። ወንዙን ስንሻገር የፊት ጎማዎቿም እንዲገፉ ማርሽ አስገባሁ፤ ውሃው በር ድረስ መጣ፣ ግራጫዋ ግን ግድ አልሰጣትም። መንገዱ የኔው ነው፤ ነርሷም ከጎኔ አትጠፋም። የከተማው የጆሮ ሐኪም ደግሞ ሰኔ 21 ቀጥሮኛል። ይድናል ወይ ብትለኝ አላውቅም፤ ፈትቶ ያየው ያውቃል።

ስለ ስህተትህ አትጨነቅ። ዓይንህን ጨፍነህ መርጠሃል፣ እኔም ጆሮዬን ደፍኜ ተቀብያለሁ፤ ተካክለናል። ፍየሏም ባንተ ቋት ደስተኛ ናት፤ መልስልኝ እንዳትላት።

አሁን አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ፤ የሞተር ጉዳይ አይደለም። ሰኔ 13፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደውልልኝ። ነርሷ መላ ነግራኛለች፤ የስልኩን መስሚያ ከጥርሴ ጋር አስጠግቼ እሞክራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አልሰማሁም። አፌ ስለሚያዝ መልስ አትጠብቅ፤ አክስትህን ዝም አሰኝተህ የምታወራበት ቀን በሕይወትህ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ተጠቀምበት። ቀስ ብለህ አውራ። ምን በላህ፣ ምን ሠራህ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ የፈለግከውን አውራኝ።

ሲጠራ እንዳያመልጠኝ አትስጋ። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እጄ ስልኩ ላይ ነው።

አክስትህ